ያወቁትን የሚያስቆጥር ፈተና

ጥር 6፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ዛሬ የኮሌጁ አማካሪ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶቼን ዘርዝራ ሰጠችኝ። ከላይ የተጻፈው ኮሌጅ አልጄብራ ነው። አገር ቤት ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ትራንስክሪፕቴ ግን እስካሁን አልደረሰልኝም። “የማውቀውን ተፈትኜ የማሳይበት መንገድ የለም?” ብዬ ጠየቅኋት። ክሌፕ ስለሚባለው ፈተና የነገረችኝ ይህን ጊዜ ነው። ባልጠይቃት አታነሳውም ነበር። ስንቱ ወገን ሳይጠይቅ ተመዝግቦ ይሆን?

ጥር 8

ከሥራ መልስ ስለ ክሌፕ ሳነብ አመሸሁ። የሚያዘጋጀው ኤስኤቲን የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ ነው፤ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከ30 በላይ የትምህርት ዓይነቶች አሉት፤ አብዛኞቹ የ90 ደቂቃ ፈተናዎች ናቸው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት 50 ላመጣ ሰው ክሬዲት እንዲሰጠው ይመክራል። መቀበል አለመቀበሉ የኮሌጁ ፈንታ ነው።

የፈተናው ክፍያ 100 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜው ይበልጣል፤ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚያውቀውን ለመስማት ከእንቅልፉ እየቀነሰ መቀመጥ የለበትም።

ጥር 15

ሞደርን ስቴትስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የክሌፕ ማዘጋጃ ትምህርት በነፃ ይሰጣል። ትምህርቱን ለጨረሰ ደግሞ የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይልካል። ተመዝግቤ ጀመርኩ።

ሎጋሪዝሙ፣ ኳድራቲኩ፣ ፈንክሽኑ፣ በጠመኔ ስጽፈው የኖርኩት ነው። አገር ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱ እንኳ አልተለወጡም። ብዙዎቻችን እዚህ ስንመጣ ትምህርታችንን ከዜሮ የምንጀምር ይመስለናል፤ እነዚያን ዓመታት ግን በከንቱ አላሳለፍናቸውም። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ፍጥነቱ ነው፤ 60 ያህል ጥያቄ በ90 ደቂቃ። ስለዚህ ሰዓት ይዤ እለማመዳለሁ።

ጥር 22

ቡና ላይ ጋሼ የምላቸውን አንድ ትልቅ ሰው አገኘሁ። እሳቸውም አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ታክሲ ይነዳሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው “ተወኝ ልጄ፣ ፈተና ማትሪክ ላይ በቅቶኛል” አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ከአንድ ፈተና በኋላ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ብዙ ነው።

“ይሄኛው እንደዚያ አይደለም፣ ጋሼ” አልኳቸው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም። የወደቀ ሰው ጂፒኤው አይነካም፤ ሦስት ወር ቆይቶ ያንኑ ፈተና እንደገና መውሰድ ይችላል። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ “የታሪክም አለው?” ሲሉ ጠየቁኝ። አለው፤ የአሜሪካ ታሪክ በሁለት ክፍል፣ የምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔም እንዲሁ።

ሁሉንም ኮርስ በፈተና መዝለል ግን አልደግፍም። የእንግሊዝኛ ድርሰትም የራሱ የክሌፕ ፈተና አለው፤ እኔ ግን ክፍል ገብቼ እማረዋለሁ። ጽሑፌን አንብቦ የሚያርመኝ መምህር ያስፈልገኛል።

የካቲት 14

ተፈተንኩ። ውጤቱ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ፤ 63። ለቤተሰብ ደውዬ ነገርኳቸው፤ እናቴ እልል አለች።

የካቲት 26

ሪጅስትራሩ 3 ክሬዲቱን መዘገበልኝ። “ኤ” ወይም “ቢ” የሚል ፊደል የለውም፤ ኮርሱ እንደተሟላ ብቻ ይቆጠራል። የሥራ ባልደረባዬ ግን ሌላ ኮሌጅ ውስጥ በባዮሎጂ 50 አልፋ አምጥታ፣ ዲፓርትመንቷ “ላብራቶሪ የለውም” ብሎ አልተቀበላትም። ልፋቷና ገንዘቧ ባከነ።

ስለዚህ ለመመዝገብ የምትዘጋጁ ወገኖቼ፣ ለፈተናው ከመክፈላችሁ በፊት ሪጅስትራሩንም የምትማሩበትን ዲፓርትመንትም ጠይቁ፦ ይህን ፈተና ትቀበላላችሁ? በስንት ነጥብ? በየትኛው ኮርስ ምትክ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በኢሜይል ይላኩላችሁ።