የታኅሣሥ ውርጭና የማለዳ እጆች

«የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር የጻፈው ሰው ታኅሣሥን ደብረ ብርሃን አላደረም ብዬ አስባለሁ። ፀሐይዋስ እውነት ናት፤ ረፋዱ ላይ ጋቢ ታስወልቃለች። ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሪቱ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ላይ ለቅቃ ትጨርሰዋለች። ደመና ቢኖር ያስቀርላት ነበር፤ በበጋ ግን ደመና ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ብርዱ የሚከፋው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ገበሬ ቤት ሥራ የሚጀመረውም ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ደጋ ያደገ ሰው ቆፈንን ያውቀዋል። ቆፈን የያዘው እጅ ቁልፍ አይቆልፍም፣ የገመድ ቋጠሮ አይፈታም። ሰውየው ማጭዱን መያዙን በዓይኑ ያያል እንጂ በእጁ አይሰማውም። ጣት የሚቆረጠውም ያኔ ነው፤ ሕመሙ የሚመጣው ደሙ ከታየ በኋላ ነው።

ሰውነት ሲበርደው አስቀድሞ የሚተወው ጣትን ነው። ልብን፣ ሳንባንና ጉበትን ለማሞቅ ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። ጣት ቀጭን ነው፣ ሙቀት የሚያመነጭ ጡንቻም የለውም፤ ጣትን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ትልልቆቹ ያሉት ክንድ ላይ ነው። ያለው ሙቀት ከላይ በደም የሚወርድለት ብቻ ነው። ጓንትም ቢሆን የመጣውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም። ደረቱ ተከፍቶ፣ ባዶ ሆዱን የወጣ ሰው ሁለት ጓንት ቢደርብ ምን ይጠቅመዋል? በሶ ቀምሶ መውጣት፣ ጋቢን ደረት ላይ አጥብቆ መታጠቅ፣ ራስንና አንገትን መጠምጠም፣ እነዚህ ሁሉ ለእጅ የሚደረጉ ነገሮች ናቸው።

አረቄን በተመለከተ ከአጎቶቼ ጋር አልስማማም። ማለዳ አንድ መለኪያ ቀመስ ያደረገ ሰው እጁ ይሞቀዋል፤ እሱ ሐሰት አይደለም። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ከውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣል። ከቆዳ ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ወደ ውርጩ። ጥቂት ቆይቶ መላ ሰውነቱ ከቅድሙ በባሰ ይቀዘቅዛል። ሲጋራ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ሥሮቹን ያጠባል። ለእጅ ከሁለቱም በሶው ይሻላል።

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ቶማስ ሉዊስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ጣትን በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን ሲለካ፣ ጣቱ እየቀዘቀዘ ሄዶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ጊዜ መልሶ ሲሞቅ፣ ከዚያም እንደገና ሲቀዘቅዝ አየ። የተዘጋው የደም ሥር ለአፍታ ይከፈትና ጣቱን ያድነዋል ማለት ነው። ቤተሰቦቼ «እጅ ይለምዳል» የሚሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ግን ዋናው ሰውነት ራሱ ከበረደው ይህ መከፈት ይደክማል፤ «ይለምዳል» ብለው በስስ ልብስ የሚያሰማሩት ልጅ ላይ አይሠራም።

ከሁሉ የሚከፋው እርጥበት ነው። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው፤ ከእጅ ላይ ሲተንም የቀረውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ እርጥቡ ሥራ የማን እንደሆነ እንይ። ገብስ የሚያጭድ ሰው ጤዛው እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ነዶው እርጥብ ከተከመረ ይሻግታላ። ስለዚህ አጫጁ ፀሐይ ሞቆ፣ ቁርሱን በልቶ ነው ማጭድ የሚያነሳው። ምስር ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ሲመታው ፍሬው ስለሚረግፍ በጤዛው፣ በማለዳ ይነቀላል፤ እሱም በባዶ እጅ። ነቀላው ላይ ሴቶችና ልጆች አይጠፉም።

በረት ውስጥ ደግሞ ሥራው በየቀኑ ነው። ትኩስ እበት ይሞቃል፤ እጅ ሲገባበት ደስ ይላል እንኳን። ችግሩ ሲወጣ ነው። እርጥቡ እጅ ነፋስ ሲያገኘው ከጥፍር ሥር የሚጀምር፣ እስከ ክርን የሚወጣ ጥዝጣዜ አለው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ላሟ። ለማለብ የተቀመጠች ሴት መዳፏን ብብቷ ሥር ስትከት ያየ ሰው ሰነፍ መስላው ይሆናል፤ እሷ ግን ላሟ በቀዝቃዛ እጅ እንደማትታለብ ስለምታውቅ ነው። ላም ስትደነግጥ ወተቷን ትይዛለች። ጡቷ በሞቀ ውሃ ሲታጠብና ሲታሽ ግን ወተት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይለቀቅና ወተቱ ይወርዳል።

ስለዚህ ማለዳ ላይ የበግ ጠጉር ባናው መደረብ ያለበት በማን ላይ ነው? እኔ ባየሁባቸው ቤቶች በአባወራው ላይ ነው። የመንዝ በግ ጠጉር በጋቢና በጥጥ ሹራብ የማይገኝ ጥቅም አለው፤ ጥጥ ከረጠበ አበቃለት፣ የበግ ጠጉር ግን ርሶም ቢሆን አየር ይዞ ይቆያል። ባናና በርኖስ የሚሠራበት አገር ለእናቶች የእጅ አንጓ ሹራብ አለመሥራቱ ሁሌም ያናድደኛል። አንጓ ላይ የደም ሥሩ ለቆዳ ቅርብ ነው፤ እሱ ከተሸፈነ ጣቶቹ ነፃ ሆነው ይሠራሉ። ያረጀ የሱፍ ካልሲ ጫፉን ቆርጦ፣ ለአውራ ጣት ቀዳዳ አበጅቶ እስከ ክንድ መሳብ ይበቃል። ለእበትና ለውሃ ሥራ ከላዩ ሰፋ ያለ የላስቲክ ጓንት ይደረባል። ሰፋ ያለ ማለቴን ልብ በሉ፤ ጠባቡ ደሙን ያንቀዋል። የቀን ሠራተኞች የሚያደርጉት የጥጥ ጓንት ለደረቅ ሥራ ጥሩ ነው፣ አንዴ ከረጠበ ግን ከባዶ እጅ አይሻልም።

ቆፈን የያዘውን እጅ ነበልባል ላይ መዘርጋት አይገባም። የደነዘዘ ጣት ማቃጠሉን አይነግራችሁም፣ ባያቃጥልም ድንገት ሲሞቅ ያብጣል፣ ያሳክካል። ብብት ወይም ለብ ያለ ውሃ ይሻላል። ቅቤና ቫዝሊን አያሞቁም፣ የሚከላከሉት መሰነጣጠቅን ነው፤ እጁ ከደረቀ በኋላ ማታ ማታ ቢቀባ ጥሩ ነው። ጣቱ በትንሽ ብርድ ሁሉ ነጭ የሚሆንበት፣ ቀጥሎ የሚጠቁርበት ሰው ደግሞ ሐኪም ይየው፤ ልምድ ብቻ አይደለም።

ለብ ያለው ውሃ ላይ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ደጋው ዛፍ የለውም፣ ማገዶው ኩበት ነው፣ ኩበቱም ለእንጀራው እንኳ አይበቃም። ይገባኛል። ግን ኩበቱን ከነእርጥበቱ የጠፈጠፈችው ማን ሆነችና? ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ማሞቅ ብክነት ነው የሚል አባወራ ካለ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ላሟን ራሱ ይለባት።