ስለ አሮጌ ሸክላ ጨረታ

ሸክላ የሚባለውን የሙዚቃ ዕቃ አብዛኞቻችን የምናውቀው በሥዕል ነው። አያቴ ግን ማጫወቻቸውን እስከ ዛሬ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ሳሎን ያኖሩታል። የቀራቸው ሸክላ ሦስት ብቻ ነው፤ በወጣትነታቸው የገዙት የሙላቱ አስታጥቄ ትንሽ ሸክላ ቤት ሲለውጡ ጠፋባቸው። እርሱን ፈልጌ ላገኝላቸው ተነሣሁ።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሣይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም መውጣት ሲጀምር፣ በኋላም በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም የሙላቱን ዜማ ሲያሰማ፣ የውጭ አገር ሰብሳቢ ሁሉ ፈላጊ ሆነ። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዜማው ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያው እትም፣ በመሐሉ ለተለጠፈው ወረቀት፣ ላልተጫረ ፊቱም ነው። ይህን አልነቅፍም።

የኢቤይ ጨረታ ሕጉ እንዲህ ነው። ተጫራቹ የመጨረሻ ዋጋውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ ማሽኑም ከሌላው ተጫራች በጥቂቱ ብቻ ከፍ እያደረገ ይጫረትለታል። ስለዚህ ቁርጡን ለጻፈ ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልገውም። ችግሩ ሰው መጠበቁ ነው! «ተበልጠዋል» የሚለው መልእክት ሲመጣ፣ ገና ያልያዘውን ዕቃ የተቀማ ይመስለዋል።

እኔ የመደብሁት 60 ዶላር ነበር። ሁለት ሕፃናት ሒሳብ እያስጠናሁ ካጠራቀምሁት ላይ ነው፤ ቀሪው ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለብርድ ልብስና ለመጓጓዣ ነው። መላኪያው 6 ዶላር ስለሆነ (ብዙ ሰው ይህን ይረሳል) ለሸክላው 54 ጻፍሁ። በዋሽንግተን ያሉት አክስቴ በካርዳቸው ሊከፍሉልኝ ተስማምተው ነበር።

ሊዘጋ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው 55 ላይ ቆመ። ሁለት ዶላር ብጨምር 56 ነው፤ ሁለት ዶላር ደግሞ ምንድን ናት? ነገር ግን ያ ሰው በልቡ የያዘውን ዋጋ እኔ አላየውም፤ ሁለት ሁለት እያልሁ የት እንደምደርስ ማን ያውቃል? ይህን ሳስብ አክስቴ ደወሉ።

«ግዴለሽም ልጄ፣ እኔ እጨምርልሻለሁ» አሉኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። የራስን ኪስ መዝጋት ይቀላል። አክስቴ ግን ያን ገንዘብ የሚያገኙት ሌሊት እየሠሩ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ይቅር» አልሁና ስልኩን ለእናቴ ሰጥቼ የፊዚክስ መጽሐፌን ገለጥሁ። ምን እንዳነበብሁ አላስታውስም።

ሸክላው በ97 ዶላር ሄደ። ጧት ለአያቴ ስነግራቸው «ማን ወሰደው?» አሉኝ። የተጫራቹ ስም በኮከብ ምልክት የተሸፈነ ስለሆነ አይታወቅም አልኋቸው።

«ብቻ ማጫወቻ ያለው ሰው ይሁን» አሉ።