ጋራዡ ያለበት ዕዳ

ጌዴኦ ውስጥ ኅዳር ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሐምሌ ላይ ከቆመው ጋር አንድ አይደለም። በኅዳር ቡናው ቀልቷል። ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከገደብ የሚለቀመው እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መግባት አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ መቡካት ይጀምራል፣ ጠረኑም ጣዕሙም ይለወጣል። ገበሬው ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲንከባከበው የኖረው ፍሬ ዋጋው የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው። በዚህ ወቅት አንድ ጋራዥ የሰው መኪና ቢያበላሽ ዕዳው የተበላሸው ብረት ብቻ ነው ወይስ ያመለጠውም ጊዜ ይቆጠራል? እኔ መልሱን የተማርኩት በራሴ መኪና ነው።

የምተዳደረው በአንዲት አይሱዙ ኤንፒአር ነው። በቡና ወቅት ከአንድ መፈልፈያ ጣቢያ ጋር ተዋውዬ እሸት ቡና አመላልሳለሁ፤ ወቅቱ ሲያልፍ እህልም ሲሚንቶም፣ የተገኘውን እጭናለሁ። ኅዳር ሲገባ መኪናዋን ዲላ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ጉዳያችን በዕርቅ አልቋል። የሚሠራው ነገር ቀላል ነበር፤ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የኋላ ፍሬን ሸራ መለወጥ።

ቁልፉን ሳስረክብ ለባለቤቱ እንዲህ አልኩት፦ «ነገ ከሰዓት ወናጎ ላይ ቡና ይጠብቀኛል። ይህች መኪና ከቆመች በውድ ዋጋ ሌላ መከራየቴ ነው። የማይደርስልህ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ።»

«ወንድሜ፣ አታስብ። ነገ ጠዋት መጥተህ ትወስዳታለህ» አለኝ። ጸሐፊዋ የሥራ ትእዛዙን ስትሞላ ከታች በኩል «ለቡና፣ ለነገ፣ አስቸኳይ» ብላ ጻፈች። ያኔ ልብ ብዬ አላየሁትም፤ በኋላ ግን ከጭቅጭቅ ያወጡን እነዚያ ቃላት ናቸው።

መኪናዋ በተባለው ሰዓት ደረሰች። ሹፌሬ ባዶዋን ይዟት በሞያሌው መንገድ ወደ ወናጎ ሲወጣ የዘይት መብራት በራ። ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ፤ ማንኳኳቱ ግን ቀድሞ ጀምሮ ነበር። በክራንክሻፍቱና በተሸከሙት ብረቶች መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ሲጠፋ ብረት ከብረት ይፋጫል። ጉዳቱን ለማድረስ ደቂቃም ይበቃል።

ደርሼ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ዘይት መያዣው ሥር ያለው የማፍሰሻ ቀዳዳ ክፍት ነው። ብሎኑ የለም። የቀዳዳው ጥርስ ንጹሕ ነው፣ አልተቀደደም፣ አልተጣመመም። ከቀዳዳው ጀምሮ እስከ ኋለኛው አክስል ድረስ ሻንሲው በትኩስ ዘይት ተለቅልቋል። ሹፌሬን «ምንም ሳትነካ በስልክህ አንሣው» አልኩት። ከሩቅም ከቅርብም አነሣው። ከዚያ ቡናው እንዳያድር ሌላ መኪና ፍለጋ ሮጥኩ፤ በወቅቱ ዋጋ፣ ማለትም በባለመኪናው ዋጋ፣ ተከራየሁ።

ባለጋራዡ መጀመሪያ ያለኝ «ድንጋይ መትቶት ይሆናል» ነው። ሞተሩ ካናደደኝ በላይ ያናደደኝ ይህ መልስ ነበር። ሆኖም አፌን ሞልቼ ለመናገር ይሉኝታ ያዘኝ፤ በአንድ እድር ያለን፣ ለቅሶና ሠርግ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ዲላ ትልቅ ከተማ ብትሆንም በአንድ ሙያ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። «ለአንድ ሞተር ብሎ ጎረቤቱን ከሰሰ» መባልን ፈራሁ። እንዲያውም አንድ ሌሊት ሙሉ ነገሩን ልተወው ሳስብ አደርኩ። ሲነጋ ግን ይህን አሰብኩ፦ እኔ ዝም ብል ኪሳራው አይጠፋም፤ ከእሱ ትከሻ ወደ ልጆቼ ትከሻ ይዛወራል እንጂ። ይሉኝታ የአነጋገሬን ወግ ሊያሳምር ይገባዋል፤ መብቴን ሊያስጥለኝ ግን አይገባም።

በጌዴኦ ነገር ሲከር ወደ ሽማግሌ መሄድ የቆየ ወግ ነው። የሶንጎ ሸንጎ ለዘመናት ሰው የሚዳኝበት ቦታ ሆኖ ኖሯል፤ ከተማ ውስጥም ነጋዴው ከፍርድ ቤት በፊት የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ሁለታችንም የምናከብራቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው ትልቁ ሰው መኪናዋ የቆመችበት ድረስ መጥተው ፎቶውን አዩ፤ ከዚያ ማንንም ሳይቆጡ የጋራዡን ለማጅ ልጅ ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህን ብሎን ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«በምን አሰርከው?»

ልጁ ትንሽ ቆየና «በእጄ አስገባሁት። ቁልፍ ላመጣ ስል ሌላ መኪና ጠሩኝ» አለ።

ስለ ድንጋዩ የተነሣው ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ባለጋራዡ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ግን «እንግዲያው ከደመወዙ ይቆረጣል» አለ። ይህን እንደማልቀበል ነገርኩት። እኔ ቁልፌን ያስረከብኩት ለልጁ አይደለም። ልጁን የመረጠው፣ ሥራ ሰጥቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላ መኪና የጠራው፣ የሠራውንም ሳያይ መኪናዋን ያስወጣው ጋራዡ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ይናገራል። በወር ደመወዙ ቤት የሚከራይ ለማጅ የአይሱዙ ሞተር ክፈል ከተባለ ነገ የሚያጠፋውን ሁሉ ይደብቃል። የልጁ እውነት ለእኔ ከየትኛውም ማስረጃ በልጦ ጠቅሞኛል፤ በእውነቱ ምክንያት እንዲቀጣ ማድረግ አልፈለግሁም።

ጋራዡ ለባለመኪናው ያለበት ዕዳ ሦስት ክፍል እንዳለው የገባኝ በዚህ ሂደት ነው።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሳይጠየቅ፣ ሳይዘገይ መናገር። ስህተት ማንም ይሠራል። ስህተቱ ወደ በደል የሚለወጠው ሲሸፈን ነው። ባለጋራዡ በዚያው ዕለት «የእኛ ጥፋት ነው፣ እናየዋለን» ቢለኝ ኖሮ ሽማግሌ ማስቸገር ባላስፈለገን።

ሁለተኛው ንብረቱን ወደነበረበት መመለስ ነው። እዚህ ላይ ክርክር ነበረን። እኔ ሙሉ ሞተር ይቀየር አልኩ፤ እሱ የተበላው ብቻ ይጠገን አለ። በዚህ ጊዜ ሙሉ ሞተር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ለባለመኪናውም ለባለጋራዡም ከብዷል። ትልቁ ሽማግሌ ለሁለታችንም እንዲህ አሉ፦ «ከአደጋው በፊት ያረጀውን አታስከፍለው። አንተም በአደጋው የተበላውን አትተውበት።» ሞተሩ ወረደ። ክራንክሻፍቱ ሐዋሳ ተልኮ ሬክቲፊካ ተደረገ፤ የተበሉት ብረቶች በአዲስ ተተኩ። ፒስተኖቹ ግን ከድሮውም የደከሙ ስለነበሩ መቀየር የፈለግሁት በራሴ ወጪ ሆነ። ፍትሕ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሦስተኛው የጊዜው ዕዳ ነው፤ ብዙዎቻችን የማንጠይቀው፣ ብዙ ጋራዦችም ይጠየቃል ብለው የማያስቡት። መኪናዋ ሳምንታት ስትቆም እኔ ውሌን ለማክበር በየቀኑ እከራይ ነበር። ይህ የማን ኪሳራ ነው?

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የፍርድ ታሪክ ብዙ ረድቶኛል። እንግሊዝ አገር ግሎስተር በምትባል ከተማ በእንፋሎት የሚሠራ አንድ ወፍጮ ነበር፤ ክራንክሻፍቱ ተሰበረ። ባለወፍጮዎቹ አዲሱ በአሮጌው ልክ እንዲሠራላቸው የተሰበረውን ለጫኝ ድርጅት ሰጡ። ዕቃው በመንገድ ላይ ለቀናት ዘገየ፤ ወፍጮውም ቆሞ ሰነበተ። ባለወፍጮዎቹ ያጡትን ትርፍ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። ሀድሊ እና ባክሰንዴል በሚባለው በዚህ ክርክር ፍርድ ቤቱ በእ.ኤ.አ. 1854 ያለው ነገር እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሕግ ተማሪ ይማረዋል፦ ውል ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው በተለመደው አካሄድ የሚደርሰውን ኪሳራ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውን የሚከፍለው ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታውን አውቆ ከሆነ ነው። ወፍጮው ያለዚያ ዘንግ እንደማይሠራ ጫኙ እንዲያውቅ አልተደረገም ተባለና የትርፉ ጥያቄ ውድቅ ሆነ።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 1799 ካሳው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ ሊደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ ይሁን ይላል። አንቀጽ 1801 ደግሞ ባለዕዳው ውሉ ሲደረግ ጉዳቱን የሚያከብደው ልዩ ሁኔታ ተነግሮት ከነበረ በእርግጥ የደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያደርጋል። አንቀጽ 1802 ለተጎጂውም ግዴታ ሰጥቷል፤ ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለውን ማድረግ አለበት።

እነዚህን ይዤ የሥራ ትእዛዙን ወረቀት ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጥኩ፦ «ለቡና፣ ለነገ፣ አስቸኳይ።» የግሎስተሩን ባለወፍጮ ያሸነፈው ያልተነገረ ነገር ነበር፤ የእኔ ተነግሯል፣ ተጽፏልም። ሌላ መኪና በመከራየቴም ቡናው አልተበላሸም፤ ስለዚህ ባለጋራዡ የሚጠየቀው የኪራይ ገንዘብ እንጂ የአንድ ጭነት ቡና ዋጋ አልሆነም። ሮጬ መከራየቴ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ጠቅሟል።

የኪራዩን ሙሉ ገንዘብ ስጠይቅ ግን ትልቁ ሽማግሌ አስቆሙኝ። «የራስህ መኪና ብትሄድ ነዳጅ አትጠጣም ነበር?» አሉኝ። ትጠጣ ነበር። የተከራየሁት ከነነዳጁ ስለነበር የነዳጁ ተቀነሰ። የቀረው ልዩነት የጋራዡ ዕዳ ሆነ፤ ባንድ ጊዜ ከብዶት ስለነበር በየወሩ እንዲከፍል ተስማማን። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ምስክሮች ፈረሙበት። እንዲህ ያለ ዕርቅ ተራ ወረቀት አይደለም፤ የፍትሐብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3312 በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለበት ፍርድ ይቆጥረዋል።

ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። መኪና ስታስረክብ መኪናህ ምን ሥራ ላይ እንዳለች ተናገር፤ የተናገርከውንም አስጽፍ። ኪሎ ሜትሩ፣ የነዳጁ መጠን፣ ጭረት ካለም ጭረቱ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ደረሰኝ ሳትይዝ አትውጣ፤ በዲላ ብዙ ሥራ በቃል ብቻ ያልቃል፣ ቃል ደግሞ ጠብ ሲመጣ ሁለት ይሆናል። ጉዳት ከደረሰ ማንም ሳይነካው ፎቶ አንሣ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ የምትችለውን አድርግ፣ ያወጣኸውንም በደረሰኝ ያዝ። ሽማግሌ ካላስማማችሁ ጥያቄህን በጽሑፍ ስጥ፤ ሕጉ በአንቀጽ 1772 ውል ባለመፈጸሙ መብቱን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ማድረግ ጎረቤትን መጥላት አይደለም። እኔና ባለጋራዡ ዛሬም ሰላም እንባባላለን፤ መኪናዬንም እሱው ጋ ወስጃታለሁ።

ለጋራዦቻችንም የምለው አለኝ። ጌዴኦ በመስከረም 2016 መልክዓ ምድሩ በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ የተመዘገበለት፣ ቡናው በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራ አገር ነው። ያ ቡና ከገበሬው ማሳ እስከ መፈልፈያው የሚጓዘው እናንተ በምታጠብቁት ብሎን ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር በሚሞላ በእያንዳንዱ የሥራ ትእዛዝ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ መኪና ቢቆም ባለቤቱ ምን ይቀርበታል? መልሱ ባለመኪናውን ብቻ አይጠብቅም። ጋራዡም የሚሸከመውን ኃላፊነት ቀድሞ ያውቃል፤ ልምድ ያለውን ሠራተኛ ይመድባል፣ ዋጋውን በዚያው ልክ ይተምናል፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት «አልችልም» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚመልሰኝን ጋራዥ ሁሉን እችላለሁ ከሚለኝ አብልጬ አምነዋለሁ።