ያለ ኢንተርኔትም ይሰማል

አዊ ዞን፣ አዘና ባለው የወላጆቼ ቤት በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሳስገባ ጎረቤቶች ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ልክ ናቸው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ዘፈኑንም መዝሙሩንም ከዩቲዩብ ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው እጁ ባዶ ቀርቷል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ራውተር ሁለት ሥራ እንዳለው ነው። አንዱ ቤቱን ከውጭ ማገናኘት ነው። ሌላው በቤት ውስጥ ያሉትን ስልክ፣ ላፕቶፕና ድምፅ ማጉያ እርስ በርስ ማገናኘት ነው፤ ይህኛው ሲም ካርዱ ቢወጣም አይቆምም፣ ከጥቅሉም አይቀንስም። በ128 ኪሎቢት ጥራት ከውጭ የሚመጣ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ያው ድምፅ ሳሎን ካለ አሮጌ ላፕቶፕ ወደ ጓዳው ስልክ ቢሄድ ወጪ የለውም። ፋይሎቹን ላፕቶፑ ላይ ለሌሎች ክፍት በሆነ ፎልደር አስቀምጬ፣ ስልኮቹ ላይ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ጫንኩ፤ ከዚያ መምረጥና መክፈት ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ካልተያዩ ራውተሩ ላይ ለእንግዳ የተለየውን ዋይፋይ ይዛችሁ እንደሆነ ተመልከቱ፤ እሱ ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው ይጋርዳል።

ይህን ሁሉ የደከምኩት ግን ቤታችን ላሉት የቆዩ ካሴቶች ነው። እናቴ ያደገችበት የአዊኛ የሠርግ ዘፈን፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ የተቀዳ ጭፈራ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ዘመዶች ድምፅ በየትኛው መተግበሪያ ይገኛል? ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ቴፑን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ከላፕቶፑ አገናኝቶ መቅዳት ይቻላል። አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ እንዲያውም እንዲህ ቁጭ ብሎ መስማቱ ለእኔ ደስታ ነበር። በየመካከሉ አባቴ «ይቺ እኮ የእገሌ እህት ናት» እያለ ያስቆመኛል። ማን እንደዘፈነ፣ የማን ሠርግ እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ ያለዚያ ከአንድ ትውልድ በኋላ ድምፁ ይኖራል፣ ባለቤቱ አይታወቅም።

ወደ ራውተሩ አቀማመጥ ስንመለስ፦ ራውተሩን ከቆርቆሮና ከብረት በር አርቃችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ በቤቱ መሀል አኑሩት። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። የ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል፤ ለድምፅ 2.4ቱ ይበቃል፣ ጓዳም ይደርሳል።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ፣ ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትንሽ ባትሪ ያቆያቸዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። በአዊ ዞን የቆየ ካሴት ቤታችሁ ያለ ሁሉ፣ ራውተሩ ባይኖራችሁም ቅጂውን አሁን ጀምሩ። የቴፑ ክር እርጥበት አይችልም፣ የእኛ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው።