በግቢ ሣር ውስጥ ስለሚበቅል እንግጫ

በቤቴ ፊት ለፊት ርዝመቱ ዐሥር፣ ወርዱ ስድስት እርምጃ የሚሆን የሰርዶ መስክ አለኝ። ይህንን መስክ ከሁለት ክረምት በፊት እንግጫ ወረረው። እኔም ቅጠሉን እየያዝሁ መንጨት ጀመርሁ። ማታ መስኩ ንጹሕ ይሆናል፤ በሳምንቱ ግን አንድ በነቀልሁበት ስፍራ ሦስት ቆሞ አገኛለሁ። የተዘጋ መዝገብ በይግባኝ ሲመለስ ማየት የለመድሁ የችሎት ጸሓፊ ብሆንም፣ እንዲህ ያለ ይግባኝ ባይ ከቶ አላጋጠመኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እንግጫ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። አበባ የሚይዘውን አገዳ በጣት መካከል ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን አለው፤ የሣር አገዳ ግን ክብ ነው። ከመሬት በታች ቀጫጭን ሥሮች እየዘረጋ ሽንብራ የሚያህሉ ድቡልቡል ሥሮች ይቋጥራል። ቅጠሉ ሲነጭ እነዚህ ከአፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ እንደ ገና ያቈጠቍጣሉ። በዶማ የቈፈረውም ሰው ሥሩን እየቈራረጠ ይዘራዋል። ለሰፋፊ ቅጠል አረም የሚረጨው 2,4-ዲ የተባለው መድኃኒት እምብዛም አይጐዳውም፤ ግላይፎሴት የተባለው ደግሞ ሰርዶውንም አብሮ ያደርቀዋል።

እንደ እኔ የተቸገረ አንባቢ ቢኖር፣ እኔን የረዳኝ ይህ ነው። ውኃ የሚያቍረውን ዝቅተኛ ስፍራ ቦይ ቀድጄ አጠነፈፍሁት፤ እንግጫ እርጥበት ይወዳልና። ሰርዶውንም ከመሬት እኩል ማጨድ ትቼ ሦስት ጣት ያህል አስቀረሁለት፤ እንግጫ ጥላ ሲያጠላበት ይኰሰምናል። ከዚያም ዝናብ አፈሩን ባራሰ ማግሥት በሹል ብረት ዙሪያውን እየፈለፈልሁ ድቡልቡሉን ከነሥሩ አወጣሁ፤ በፀሐይም አድርቄ አቃጠልሁት። የተረፈው አራት አምስት ቅጠል ሳያወጣ መመለስ ያስፈልጋል፤ ካለዚያ አዲስ መቋጠር ይጀምራል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ጕልበቴ ከጭቃ አልተለየም።

በነሐሴ መጨረሻ በአንድ ጥግ ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር። ያንን ልፈለፍል ጐንበስ ስል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱኝ የነበሩት እናቴ፣

«ልጄ፣ ይህንንም ጨርሰኸው ልጂቱ በጳጉሜን ምን ልትነቅል ነው?» አሉኝ።

እናቴ የጐጃም ሰው ናቸው። በአገራቸው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ጐንጕነውም በማግሥቱ በቤተ ሰቡ ራስና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ይህንን አንድ ቀን እንኳ ሲያነሡ አልሰማሁም ነበር። ለካ ሁለት ክረምት ሙሉ እኔ ስነቅል እርሳቸው የቀረውን ሲቈጥሩ ኖረዋል።

ብረቱን አስቀመጥሁ። ሥሩ ወደ መስኩ እንዳያመልጥ በጥጉ ዙሪያ አሮጌ ቆርቆሮ አንድ ክንድ ያህል አጥልቄ ቀበርሁ።

በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት ማታ ልጄ የአያቷን እጅ ይዛ ወጣች፤ እናቴም በቀጭን ድምፅ ዘፈኑን እያስጀመሯት አንድ እፍኝ ነቀለች። ጠጋ ብዬ ተመለከትሁት። ቅጠሉ እንጂ ድቡልቡሉ አልወጣም። ዝም አልሁ።