የጥለቱን ጀርባ አይታችሁ ግዙ

በትልልቆቹ የኦንላይን ገበያዎች «የሀበሻ ቀሚስ» ብላችሁ ስትፈልጉ ከእውነተኛው ሽመና ጋር ተቀላቅሎ ሸማኔ ያልነካው ልብስ ይመጣላችኋል። ነጭ ፖሊስተር ላይ የጥለት ስዕል ታትሞበታል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ከሥሩም «በእጅ የተሠራ» የሚል ተጽፎበት ታገኛላችሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ወዳጄ ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሽመና ልብስ እያስመጣች ትሸጣለች። የእህቷ ልጅ ቀሚሱን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ሌላ ሱቅ ላይ አገኘችው። ሻጩ ያለው ቻይና ነው፤ ፎቶው የእሷ፣ ለገዢው የሚላከው ግን ህትመት። አመለከተች፣ ማስታወቂያው ወረደ፣ ብዙም ሳይቆይ በሌላ የሱቅ ስም ተመልሶ ወጣ። ይባስ ብሎ አንዲት ደንበኛ «ያው ቀሚስ እዚያ በግማሽ ዋጋ እያለ አንቺ ለምን ታስወድጂብናለሽ?» ብላ ጻፈችላት። ወዳጄን ያንገበገባት የቀረባት ገንዘብ አይደለም። «ሌባዋ እኔ መሰልኩ» ነው ያለችኝ።

ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ንዴቷ ይገባዋል። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል፤ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ጥለት የሌለበት ሜዳው ቶሎ ይሄድለታል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ከድሩ መሃል ማስገባት አለበት፤ አንድ ክር ከሳተ አበባው ይጣመማል። ሰፊ ጥለት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይበላል። ልብሱ ፈትል ከሆነ ደግሞ ከእሱ በፊት ጥጡን ያባዘተች፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጡ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። የማተሚያ ማሽኑ የሚገለብጠው የእነሱን የእጅ ሥራ ነው።

የዋጋው ልዩነት ግን ከማሽኑ ብቻ የመጣ አይደለም። ለረጅም ዓመታት በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ስሌት ምክንያት ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚላክ ትንሽ ጥቅል አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ከሚላከው ሊረክስ ይችል ነበር፤ አሜሪካ የራሷን ተመን ማስከፈል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያለ ቀረጥ የሚገባው ጥቅል ጣሪያ ከ200 ወደ 800 ዶላር ከፍ አለ። የኦንላይን ሻጮቹ ሺንና ቴሙ በዚያ በር ነው የገቡት። በመጨረሻ ላይ በዓመት ከ1 ቢሊዮን በላይ ጥቅል በዚሁ መንገድ ይገባ ነበር። በሩ ለቻይና በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ.፣ ለሌላው ዓለም በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ተዘጋ።

«ተገላገልን» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ አብሬ አልተደሰትኩም። ከሽሮ ሜዳ ለወዳጄ የሚላከው ጥቅልም በዚያው በር ነበር የሚገባው። የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ኢትዮጵያ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ተሰርዛለች፤ ለትንንሽ ላኪዎች የቀረችው ቀዳዳ ያቺ ነበረች። የቻይናው ትልቅ ነጋዴ በኮንቴይነር አስገብቶ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ማከማቸት ይችላል። ጥቂት ቀሚስ በሻንጣና በፖስታ የምታስመጣ ሴት ግን ይህ አቅም የላትም።

ስለዚህ «የውጭ ሻጭ ይውጣልን» የሚለውን ጩኸት አልቀበለውም። ለአሜሪካ ገበያ ሸማኔውም የውጭ ሻጭ ነው። ያውም ሱቅ መክፈት ያልቻለ የውጭ ሻጭ፦ በእጅ የተሠራ ዕቃ የሚሸጥበት የኢትሲ ድረ ገጽ የክፍያ ሥርዓት ኢትዮጵያ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አያስገባም። ባህር ማዶ ዘመድ ከሌለው የአሜሪካውን ገዢ አያገኘውም። የቻይናው ነጋዴ ግን ከትልልቆቹ ገበያዎች በብዙዎቹ በራሱ ስም ይከፍታል፣ በራሱ ሂሳብ ይቀበላል።

ህትመቱን የሚገዛውንም አልወቅስም። ለሦስት ልጆቿ ለበዓል ልብስ የምትፈልግ እናት አቅሟ የፈቀደውን ትግዛ፤ የምታፍርበት ነገር የለም። ህትመት በህትመትነቱ ይሸጥ። ህትመቱን «በእጅ የተሸመነ» ብሎ መሸጥ ግን ሸማኔውንም ገዢውንም መዝረፍ ነው። ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ የኦንላይን ገበያዎች ብዙ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ማንነት እንዲያጣሩ ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚያጣራው ሻጩ ማን እንደሆነ ነው፤ ልብሱን ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ያንን መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ የምታዝዙ ወገኖቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የጥለቱን ጀርባ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በሽመና የገባ ጥለት ከጀርባው ክሩ ይታያል፤ የታተመው ደብዛዛ ነው ወይም ነጭ። ተታላችሁ ከሆነ መልሱት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ቀጥሎ የሚገዛው ሰው እንዲያነበው እዚያው ጻፉ። የምትሸጡም ብትሆኑ ሸማኔው ከፈቀደ ስሙን ከፎቶው ሥር አስፍሩት።