ሳይጫወቱ የተሰጠ ማርክ

በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ሲያትል በማስተምራቸው ወጣቶች መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ጊዜ ነው፤ ድራፍት ይባላል። ባለፈው ውድድር መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ምርጫውም ሰባት ዙር ይሄዳል። ባለቀ ማግስት ጋዜጠኞች ለእያንዳንዱ ቡድን እንደ ትምህርት ቤት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ማርክ ይሰጣሉ። የእኛም ልጆች ከጉባኤ በኋላ ሻያቸውን ይዘው ማርክ ይሰጣሉ። ከተመረጡት መካከል ግን ለአዲሱ ቡድኑ አንድ ጨዋታ እንኳ የተጫወተ የለም።

የከተማችን ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የ2012ቱን ምርጫ ማስታወስ ይበቃዋል። ሲያትል ሲሃውክስ በመጀመሪያው ዙር፣ በ15ኛው ተራ፣ ብሩስ ኧርቪንን ሲወስድ ብዙዎች «ይህ ልጅ ዘግይቶም ይገኝ ነበር» አሉ። በሁለተኛው ዙር ቦቢ ዋግነር፣ በሦስተኛው ዙር በ75ኛ ተራ ራስል ዊልሰን ተከተሉ። ዊልሰን ኳርተርባክ ነው፤ ማለትም ኳሱን የሚያከፋፍለውና ጨዋታውን የሚመራው ሰው። ኳርተርባክ ከፊቱ በቆሙት ግዙፎች አናት ላይ አሻግሮ ማየት ስላለበት ቡድኖች ረጅም ሰው ይፈልጋሉ፤ ዊልሰን ደግሞ 1 ሜትር ከ80 አይሞላም። በዚያ ላይ ቡድኑ በዚያው ዓመት ማርች ውስጥ ሌላ ኳርተርባክ አስፈርሞ ነበር። ስለዚህ ለሲሃውክስ ምርጫ «ኤፍ» የሰጡ ተገኙ። ዊልሰን ግን ከውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ጀምሮ ተሰለፈ፤ ዋግነር በዘመኑ ከታወቁት ተከላካዮች አንዱ ሆነ። ፌብሩዋሪ 2014 ላይ ቡድኑ ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ወሰደ።

በተቃራኒው ደግሞ 1998ን ተመልከቱ። ያን ጊዜ «ፔይተን ማኒንግ ይሻላል ወይስ ራያን ሊፍ?» የሚለው ክርክር የምር ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ማኒንግን አንደኛ፣ ሳን ዲዬጎ ሊፍን ሁለተኛ አድርገው ወሰዱ። ሊፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሊጉ ወጣ፤ ማኒንግ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ታዲያ ይኸው ማኒንግ በመጀመሪያ ዓመቱ የወረወራቸው 28 ኳሶች በተቃራኒ ቡድን ተቀልበውበታል፤ ቡድኑም ከ16 ጨዋታ 13ቱን ተሸንፏል። አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውቶ እንኳ ማንነቱ ገና አልታየም ነበር።

ይህን ስል ባለሙያዎቹ ምንም አያውቁም ማለቴ አይደለም። በአማካይ ሲታይ፣ ቀድመው የሚመረጡት ዘግይተው ከሚመረጡት የተሻለ ይጫወታሉ። ቡድንም ሳይገምት ሊመርጥ አይችልም፤ ግምቱ ካልሠራ ኪሳራው የራሱ ነው። የማግስቱ ማርክ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋዜጠኛው ከምርጫው በፊት ማን በስንተኛው ተራ መመረጥ እንዳለበት የራሱን ዝርዝር ያዘጋጃል። ቡድኑ ከዝርዝሩ ጋር ሲስማማ ማርኩ ከፍ ይላል፤ ሲለያይ ይወርዳል። ልጁ ገና ስላልተጫወተ ማርኩ የሚነግረን ስለ ልጁ ሳይሆን ቡድኑና ጋዜጠኛው ምን ያህል እንደተስማሙ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ተመልሶ «ያ ኤፍ ምን ደረሰ?» የሚል ብዙ ሰው የለም።

እኛም ቤት ይህ ዝርዝር አለ። ልጆቻችን ገና አሥራ አምስት ሳይሞላቸው «ይሄ ኢንጂነር ነው»፣ «ያቺ ዘማሪ ትሆናለች»፣ «እሱ እንኳ ተስፋ የለውም» እንላለን። ዝቅተኛው ማርክ እንደሚጎዳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከፍተኛውም ይጎዳል። አንዲት ልጅ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ «ዶክተራችን» እየተባለች አደገች። ኮሌጅ ገብታ በሁለተኛው ዓመት ኬሚስትሪው ሲከብዳት የትምህርት ክፍሏን ቀየረች። መቀየሩ ምንም አልነበረም፤ እሑድ መምጣት ማቆሟ ግን አሳሰበኝ። ደውዬ ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ በሩ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ ‹ዶክተሯ መጣች› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ። ያን ስም ያወጣላት ሰው ሁሉ የሚወዳት ነበር።

ወደ ዊልሰን ልመለስ። እሱ የደረሰበት ቡድን ጠንካራ ተከላካዮች ነበሩት፤ ማርሾን ሊንችን የመሰለ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነበረው። አሰልጣኙ ፒት ካሮል ደግሞ ሦስቱ ኳርተርባኮች በልምምድ እንዲፎካከሩ ፈቀደ፤ ገንዘብ የወጣበትን ሰው ብቻ አላሰለፈም። ዊልሰን ይህ ዕድል ወደማይገኝበት ቡድን ሄዶ ቢሆን ማን ያውቃል? ተጫዋች ምን እንደሚሆን የሚወስነው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም፤ የተቀበለውም ቤት ድርሻ አለው። ለዚህ ነው በሰው ላይ ማርክ መስጠት የማያምርብን። ጋዜጠኛው ከዳር ሆኖ ያያል፤ እኛ ግን ያ ልጅ የመጣበት ቡድን ነን። ሳይሳካለት ቢቀር «ብዬ ነበር» ማለት አንችልም፤ ምክንያቱም ውጤቱ ውስጥ እጃችን አለበት።

በእኛ ክፍል አንድ ልማድ ጀምረናል። ስለ ኳስ መገመት የሚፈልግ ግምቱን ከነምክንያቱና ከነቀኑ በወረቀት ይጽፋል፤ ፖስታው ታሽጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ይከፈታል። ልጆቹ ወደውታል፤ «ኤፍ» ከመጻፋቸው በፊትም ጥቂት ማሰብ ጀምረዋል። ስለ ሰው ግን ፖስታ የለንም። ስለ አዲስ መጪ የሚናገረው ያለው ሰው ሄዶ ራሱን ልጁን ይጠይቀው፤ አንድ ሥራም አብሮት ይሥራ። ያቺ እኅታችን አሁን አንዳንድ እሑድ ትመጣለች። በሩ ላይ የምንጠራት በስሟ ነው።